ከሰማይ የሚወርድ እንግዳ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት በአንድ የመቱ ተወላጅ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የንግግር ክፍል ኃላፊ ርእስህን አስመዝግብ ባለኝ ጊዜ «ስለ ጥንቶቹ የፊኛና የጃንጥላ ዘላዮች» ብዬ ብሰጠው ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀብኝ። «የመቱ ልጅ ስለ ቡና ወይም ስለ ማር ቢናገር ያምርበታል፤ ፊኛውን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ንግግሬን በመልሱ እጀምራለሁ። ፊኛውን ያመጣሁት ከአንድ የተሰበረ እግር ነው።

ዕድሜያችን ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆን እኔና አብሮ አደጌ አንድ የሥዕል መጽሐፍ በእጃችን ገባ። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ወታደር በትልቅ ጃንጥላ ተንጠልጥሎ ከደመና ሲወርድ ተሥሏል። በኢሉባቦር ዝናቡ ከዓመቱ እኩሌታ በላይ የሚዘንብ ስለ ሆነ ጃንጥላ የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሥዕሉን አየን፤ የእናቱን ጥቁር ጃንጥላ አየን፤ ቀጥለን ከሠፈራችን በላይ የቆመውን ዋርካ አየን። የቀረውን ለመገመት አያዳግታችሁም። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ዕጣው ግን ለእርሱ ወጣ። ስድስት ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ጃንጥላውን ዘረጋና ዘለለ። ጃንጥላው ወደ ላይ ተገለበጠ፤ እርሱም እንደ ድንጋይ ወረደ።

ወጌሻ መጣ፤ እግሩ በቀርከሃ ታሰረ፤ ዳነ፤ ነገር ግን አጥሮ ዳነ። እስከ ዛሬም ያነክሳል። እኔ በማግሥቱ በተማሪዎች ሰልፍ ፊት ተገረፍሁ። ስለ ተቀደደው ጃንጥላ ተቆጡን፤ ስለ ድፍረታችንም ተቆጡን። ነገር ግን «ወታደሩን በደኅና ያወረደ ጃንጥላ ልጁን ስለ ምን ጣለው?» ብሎ የጠየቀም የመለሰም ሰው አልነበረም። ዛሬ ማታ የምናገረው ይህን መልስ ስፈልግ ስላገኘሁት ነገር ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር፥ የአገራችንን በአገራችን አቆጣጠር እናገራለሁ፤ ስለዚህ ዓመቶቹ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሉ ብትሰሙ አትደናገሩ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ፊኛ የሚለው ቃል ከሰማይ የመጣ አይደለም። ከብት በሚታረድበት ቀን ልጆች ሽንት የሚጠራቀምበትን የከብቱን ፊኛ ለምነው ወስደው በሸምበቆ ይነፉና ይጫወቱበታል። አየር የተሞላ ቀላል ነገር ምን እንደሚመስል የኛ ልጆች መጽሐፍ ሳያነቡ ያውቁታል ማለት ነው። ጃንጥላም እንዲሁ ነው፤ ለዝናብ የምንይዘው፥ በጥምቀት ታቦት የሚታጀብበት፥ ወታደርንም ከአይሮፕላን የሚያወርደው ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል። እኔንና ጓደኛዬንም ያሳሳተን ይህ የስም አንድነት ነው።

ፊኛ ሰውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አየር ያወጣው በፈረንሳይ አገር በ1783 ነው። ሞንጎልፊዬ የተባሉ ወንድማማቾች፥ አባታቸው የወረቀት ፋብሪካ የነበራቸው፥ ጨርቅና ወረቀት አገጣጥመው ከሥሩ እሳት በማንደድ ፊኛ ወደ ላይ ሰደዱ። በመስከረም ወር በቬርሳይ ከንጉሡ ፊት አንድ በግ፥ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ ተሳፍረው ወጡ፤ ሦስቱም በሕይወት ወረዱ። በኅዳር 21 ቀን ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በፓሪስ ላይ በረሩ። ዐሥር ቀን ብቻ ቆይቶ ሻርል የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ሃይድሮጅን በተሞላ ፊኛ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሁለት መንገድ ሄደ። አንደኛው የሊቃውንትና የጦር ሠራዊት መንገድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዛሬው ርእሳችን የሆነው የትርኢተኞች መንገድ ነው። አንድሬ ዣክ ጋርነሬን የተባለው ፈረንሳዊ በጥቅምት 22 ቀን 1797 በፓሪስ ከፊኛው ላይ ገመዱን ቈርጦ በጃንጥላ ወረደ። የጃንጥላው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር ያህል ነበር። ይህን ቁጥር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ከላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ስላልነበረው ጃንጥላው እንደ ደወል እየተወዛወዘ ሰውዬውን አንገላታው፤ ነገር ግን በሕይወት አደረሰው። ባለቤቱ ጄን ዠኔቭዬቭ በ1799 በጃንጥላ ወረደች፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ሶፊ ብላንሻር የተባለችው ሌላዋ እመቤት ደግሞ ሌሊት ከፊኛዋ ላይ ርችት እየተኰሰች ሕዝቡን ስታስደንቅ ኖራ በሐምሌ 1819 ርችቱ ፊኛዋን አቃጥሎት በፓሪስ ላይ ወድቃ ሞተች።

ይህ ሙያ ከትልልቅ ከተሞች ወጥቶ ወደ ዳር አገር የሄደው ባቡር ሲዘረጋ ነው። በአሜሪካ አልበከርኪ የምትባለው የበረሃ ከተማ ባቡር በገባባት በሁለት ዓመት፥ በሐምሌ 4 ቀን 1882፥ ፓርክ ቫን ታሰል የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት በፊኛ ወደ ላይ ወጣ። በ1887 ቶማስ ባልድዊን የተባለ፥ ቀድሞ በሰርክ በገመድ ላይ ይሄድ የነበረ ሰው፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከፊኛ ዘለለ። ከዚህ በኋላ ዘላዮች እንደ አሸን ፈሉ። አሠራራቸውም ይህ ነበር፤ በመሬት ላይ ቦይ ይቈፈርና እሳት ይነድዳል፤ ጢሱና ሙቀቱ በሌላው ጫፍ እየወጣ የጨርቁን ፊኛ ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ከከተማው የተሰበሰቡ ጎበዞች ፊኛው እንዳያመልጥ በገመድ ይዘው ይታገላሉ። ዘላዩ ከሥሩ በአንዲት አግድም እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። «ልቀቁ!» ሲባል ፊኛው ተወርውሮ ይወጣል፤ ዘላዩ ሲበቃው ገመዱን ቈርጦ በጃንጥላ ይወርዳል፤ ፊኛው ደግሞ ተገልብጦ ጢሱን ተፍቶ ከኋላው ይወድቃል። ቆብ ይዞራል፤ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ በማግሥቱ ትርኢተኛው በባቡር ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል።

እነዚህ ሰዎች እስከ እስያ ድረስ ዞረዋል። በ1892 ጃኔት ቫን ታሰል የተባለች ዘላይ በዳካ ከተማ ለአንድ መስፍን ቤተ ሰብ ትርኢት ልታሳይ ወጥታ ዛፍ ላይ ወደቀችና ከዚያው የተነሣ ሞተች። ይሁን እንጂ ከእስያው ታሪክ እኔን ይበልጥ የነካኝ የካልካታው ነው። በ1889 ፐርሲቫል ስፔንሰር የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ካልካታ መጥቶ በፊኛ ወጣ፥ በጃንጥላም ወረደ። ከተመልካቾቹ መካከል ራም ቻንድራ ቻተርጂ የሚባል ሕንዳዊ የሰርክ ስፖርተኛ ነበረ። ይህ ሰው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ እንግሊዛዊው ቀርቦ አሠራሩን ተማረ፤ አብሮት ወጣ፤ በዚያው ዓመት ብቻውን ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በጃንጥላ ወረደ። ሲያይ የነበረው ሰው ባለሙያ ሆነ ማለት ነው። በንግግሬ መጨረሻ ከሁሉ አስበልጬ የማነሣው ይህን ሰው ነው።

እንግዲህ «ወደ ኢሉባቦርስ?» ትሉኛላችሁ። ኢሉባቦር የዳር አገር ነበረች። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ስትሆን የደጋውንና የቆላውን ንግድ የምታገናኝ ከተማ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና፥ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ፤ እንግሊዞች በጎሬ ቆንስል አስቀመጡ። በአሜሪካ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለች ከተማ የፊኛ ትርኢተኛ የሚያነጣጥርባት ነበረች።

ነገር ግን አስቡት። የእንፋሎቱ መርከብ በባሮ ላይ እስከ ጋምቤላ የሚወጣው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ነው። ክረምት ደግሞ ፊኛ የማይነሣበት ጊዜ ነው፤ የጨርቅ ፊኛ ዝናብ ከጠጣ ከብዶ መሬት ላይ ይተኛል። ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ወንዙ ይጎድላል፤ መርከብም አይመጣም። መንገዱ ሲከፈት ሰማዩ ይዘጋል፤ ሰማዩ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል። በቅሎ ጭኖ ከአዲስ አበባ ይምጣ ብንል ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ሻርል በ1783 ሰው እንኳ የማታነሣ፥ 4 ሜትር ያህል ስፋት ያላትን የመጀመሪያ ፊኛውን በሃይድሮጅን ለመሙላት ግማሽ ቶን ያህል ብረትና ሩብ ቶን ያህል አሲድ ፈጅቷል። አንድ በቅሎ መቶ ኪሎ ትሸከማለች ብንል ይህ ብቻ ስምንት በቅሎ ይፈልጋል። በእሳት ይሁን ብንልም አንድ ሜትር ኩብ የሞቀ አየር የሚያነሣው ቢበዛ ሩብ ኪሎ ያህል ነው፤ በከፍታ አገር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሰውና ጨርቅ ለማንሣት ብዙ መቶ ሜትር ኩብ፥ ማለት የትልቅ አዳራሽ ያህል ፊኛ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚከፈለው በቆብ ውስጥ በሚጣል ሳንቲም ነው። በሌላ አነጋገር የትርኢተኛው ልብ የሚደርሰው ባቡር የሚያደርሰውን ያህል ነው።

በከፍታ መድፈርን በተመለከተ ግን የኢሉባቦር ሰው ከማንም መማር አያስፈልገውም። ቀፎ ሰቃዮቻችንን ያያችሁ ታውቃላችሁ። በጫካው ውስጥ ካሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ በገመድና በሐረግ ይወጣሉ፤ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማሩ ሲደርስ በጨለማ ጢስ ይዘው ተመልሰው ይወጣሉ። ከታች የሚያጨበጭብ የለም። ቆብም አይዞርም። ቢወድቁ ይሞታሉ፤ ባይወድቁ ማር ይዘው ይወርዳሉ። ባልድዊንና ቀፎ ሰቃዩ ሁለቱም በገመድ ላይ ነፍሳቸውን ያስይዛሉ፤ ልዩነታቸው አንዱ ከላይ ሲወርድ ባዶ እጁን መሆኑ ነው። ይህን የምለው ትርኢተኛውን ለመናቅ አይደለም፤ ከላይ የሚወርድን ሰው ሁሉ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ መጠየቅ የአገራችን ልማድ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ወደ አገራችን የመጡት የሰማይ እንግዶች ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ሊታይ የመጣ ነው። በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የተባለውን አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ አሳረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሁበርት ጁሊያን የተባለ ጥቁር ሰው ከአሜሪካ መጣ። ይህ ሰው በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ሃርለም ሠፈር ላይ በጃንጥላ እየዘለለ ስሙን ያስጠራ፥ «ጥቁሩ ንስር» የተባለ ነው። በ1924 በፈረንጅ ሐምሌ 4 ቀን ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶለት «ኢትዮጵያ» በተባለ አይሮፕላን ከኒው ዮርክ ወደ አፍሪካ እበራለሁ ብሎ ተነሥቶ ወዲያው አጠገቡ ካለው ባሕር ውስጥ ወድቆ ነበር። ድፍረቱን ግን አልተወም። በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ከአይሮፕላን በጃንጥላ ዘለለ። ንጉሠ ነገሥቱ ተደስተው የኮሎኔልነት ማዕረግና ዜግነት ሰጡት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የሚከበረው የዘውድ በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ ትንሽ አይሮፕላን ይዞ ተነሣና ዛፍ ላይ ጣለው። እርሱ ተረፈ፤ አይሮፕላኑ ተሰበረ፤ እርሱም ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ።

በጁሊያን ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ጥቁር ሰው ሰማይ ላይ ወጥቶ መታየቱ በዚያ ዘመን በሃርለም ላሉ ሰዎች ምን ያህል ራስን ቀና የሚያደርግ ነገር እንደ ነበረ ካላሰብን ፍርዳችን ጎዶሎ ይሆናል። ጥፋቱ መዝለሉ አይደለም። ጥፋቱ ካስደነቀ በኋላ የሚያስተምረው ነገር ይዞ አለመገኘቱ ነው። በዚያው ሰሞን ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ አዲስ አበባ ላይ የአብራሪነት ትምህርታቸውን ጨርሰው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ስለ እነርሱ በዓለም ጋዜጣ የተጻፈው ስለ ጁሊያን ከተጻፈው ጋር አይወዳደርም። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ መጣ። እርሱ አልዘለለም። አይሮፕላን ጠገነ፤ አስተማረ፤ በጦርነቱ ጊዜ በኢጣልያ አይሮፕላኖች መካከል መልእክት አመላለሰ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን ሲያስተምር ቆይቶ በአይሮፕላን አደጋ ቈስሎ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሞተ፤ በዚያውም ተቀበረ።

ሁለተኛው የሰማይ እንግዳ ሊገዛ የመጣ ነው። ኢጣልያኖች ገና በ1880 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ ወደ ሰሐጢ በዘመቱ ጊዜ የሠራዊታቸውን እንቅስቃሴ ከላይ ለማየት በገመድ የታሰሩ ፊኛዎች ወደ ምፅዋ አምጥተው ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በጎሬ የመንግሥቱን ስም ይዘው ሲቆዩ፥ ኢጣልያኖች ምዕራቡን ያለ ጦርነት በአይሮፕላን ለመያዝ አሰቡ። በሰኔ ወር ጄኔራል ማልዮኮና ሎካቴሊ የተባለው ዝነኛ አብራሪ ያሉባቸው ሦስት አይሮፕላኖች በነቀምት አጠገብ በቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ሎካቴሊ በአገሩ ጋዜጣ ሲወደስ የኖረ የሰማይ ጀግና ነበር። ሕዝቡ አይሮፕላን ሲያይ ተደንቆ የሚሰግድ መስሏቸው ይሆናል፤ በሜዳው ላይ ድንኳን ተክለው አደሩ። በሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ የጥቁር አንበሳ ጦር፥ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖች ያሉበት፥ ደርሶ አይሮፕላኖቹን አቃጠለ፤ ከአንድ ቄስ በቀር ሁሉም ሞቱ። እነዚህ ወጣቶች ዕድሜያቸው የኛ ዕድሜ ነበር። የዳር አገር ሰው አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ የሚያይ ነው የሚል ሰው ካለ ቦናያን ያስታውስ።

ሦስተኛው ሊሠራ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ በኋላ ዲሲ 3 የተባሉት አይሮፕላኖች መንገድ ወዳልገባባቸው ከተሞች፥ ወደ ጎሬና ወደ ጋምቤላም ጭምር፥ ይመላለሱ ጀመር። አያቴ በልጅነታቸው ከጎሬው የሣር ሜዳ ዳር ቆመው ያዩትን ሲነግሩን እንዲህ ይላሉ፤ «በመጀመሪያው ሳምንት ሰዉ ሁሉ አይሮፕላኑን ለማየት ወጣ፤ ሴቶች እልል አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆች ብቻ ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የቡና ነጋዴ መጥቶ ‹የኪሎው ሒሳብ ስንት ነው?› ብሎ ጠየቀ።»

ይህን የአያቴን ወሬ በልጅነቴ የቀልድ ወሬ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ግን ስለ አዲስ ዕውቀት ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አገኘዋለሁ። መደነቅ የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው «ሒሳቡ ስንት ነው? እንዴት ይሠራል? እኔስ ልይዘው እችላለሁን?» ይላል። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ካልተገኘ መደነቁ ወደ ፍርሃት ወይም ወደ ንቀት ይለወጣል። አንዳንድ ጊዜም ወደ ዋርካ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋርካው ልመለስ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ላይ መምህራችን የአየር ተቃውሞን ባስተማሩን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ተነሥቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ጓደኛዬ በዚያን ጊዜ 35 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር እንበል። ጃንጥላው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ነው። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ትንሽ ሳሳ ያለ ነው። ከ6 ሜትር ላይ ያለ ምንም ጃንጥላ የሚወድቅ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሴኮንድ 10.8 ሜትር ያህል ይሆናል። ጃንጥላው ሳይገለበጥ ቢቆይለት ኖሮስ? 10.4 ሜትር ያህል። የእናቱ ጃንጥላ የሚያድነው ይህችን ብቻ ነበር። በደኅና ለመውረድ ፍጥነቱ ወደ 5 ሜትር ተኩል መውረድ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ 17 ካሬ ሜትር ያህል ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ይህም የአንድ ክፍል ቤት ወለል ነው። ለ80 ኪሎ ሰው ብትሠሩት ደግሞ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር ይሆናል። ያዙልኝ ያልኋችሁን ቁጥር አስታወሳችሁን? ጋርነሬን በ1797 የዘለለበት ጃንጥላ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር የመቱ ልጆች ዘንድ ሳይደርስ እግር ተሰበረ።

ባለፈው ዕረፍት ወደ መቱ ስሄድ ይህን ሒሳብ በወረቀት ይዤ ሄድሁ። አብሮ አደጌ አሁን በአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ ጠብቄ፥ በእርሱ እርምጃ እየሄድን፥ ሻይ ቤት ገብተን ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ሚዛን የሚያውቅ ሰው ነውና ቶሎ ገባው። 10.8ን እና 10.4ን ደጋግሞ አየ። ሳቀ። ከዚያም፥

«ይህን ያኔ የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ አልዘልም ነበር» አለኝ።

«ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ይህን ቃል ለመናገር ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

«እሱን ተወው» አለኝ። ቀጥሎም «ለመሆኑ መቼ ትመለሳለህ?» አለኝ።

«ወደ ዩኒቨርሲቲ? ሰኞ» ብዬ መለስሁ።

«እሱን አላልሁም። ወደዚህ መቼ ትመለሳለህ? የኔ የወንድሜ ልጆች አሁን ዐሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዋርካውም እንዳለ ነው» አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መልስ አጣሁ። ሻዬን ጠጥቼ ዝም አልሁ። በዚያች ሰዓት ራሴን በመስተዋት ያየሁ መሰለኝ፤ ያየሁትም ሮቢንሰንን አይደለም። ከላይ መጥቶ፥ አስደናቂ ቁጥር አሳይቶ፥ ሰኞ ዕለት በመኪና የሚሄድ ትርኢተኛ ነው ያየሁት።

እኛ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብን ሁሉ ለትውልድ ቀበሌያችን ከሰማይ እንደሚወርድ እንግዳ ነን። በዕረፍት ጊዜ ስንደርስ ይጨበጨብልናል፤ ዶሮ ይታረድልናል፤ እንግሊዝኛ ቃል ጣል ስናደርግ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። ይህ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ነጋዴው መጥቶ «የኪሎው ሒሳብ ስንት ነው?» ይለናል። ያን ጊዜ የምንመልሰው ካለን እንግዳነታችን ይቀራል፤ የቤት ሰው እንሆናለን። የምንመልሰው ከሌለን የተገለበጠ ፊኛ ነን፤ ጢሳችንን ተፍተን እንወድቃለን።

ሁላችን ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደየአውራጃችን ተመልሰን እንኑር ብዬ አልሰብክም፤ ያን ለማለት እኔ ራሴ ገና አልተፈተንሁም። የምለው ትንሽ ነገር ነው። የሚቀጥለው ዕረፍት እስኪመጣ ድረስ እያንዳንዳችን በልጅነታችን ተገርፈንበት ግን ያልተመለሰልንን አንድ ጥያቄ እንፈልግ። መልሱን እዚህ ከመምህራኖቻችንና ከመጻሕፍት ቤቱ እናግኝ። በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በየቋንቋችን፥ ልጅ በሚገባው ቃል በአንድ ገጽ ላይ እንጻፈው፤ ማኅበራችንም ይህን ጋዜጣ በሚያባዛበት መኪና ያባዛልን። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ጽፌ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ፤ ርእሱ «ጃንጥላ ስለ ምን ይጥላል?» የሚል ነው። በመቱ የሚያድለው አብሮ አደጌ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እርሱን ይሰሙታል፤ እግሩ ይመሰክራልና።

ያ የካልካታ ሰው ቻተርጂ ትርኢቱን አይቶ «እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የጠየቁትም ሰው አልከለከለውም። ከሁለቱ የማናቸው ድርሻ እንደሚበልጥ አላውቅም፤ ሁለቱም ግን በአንድ ሜዳ ላይ ካልተገናኙ አንዱ ይወድቃል፥ ሌላው ያጨበጭባል፤ ከዚያም ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።